ከመስበካችሁ በፊት፦ ወንጌልን ከራስ የመጀመር መመሪያ

ይህን የምጽፈው ለሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች፣ በጽዋ ማኅበር ላይ «እስቲ ትንሽ ቃል አካፍሉን» ለሚባሉ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም ስለ እግዚአብሔር ለሚናገሩ ወጣቶች ነው። ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ለሚያስተምሩ ወላጆችም ይሆናል። ቃሉን ለሌላው ማካፈል የሚፈልግ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ነው።

ቅደም ተከተሉ ደግሞ ተጽፎልናል። ዕዝራ 7፥10 ላይ ዕዝራ ልቡን ያዘጋጀው የእግዚአብሔርን ሕግ ሊፈልግ፣ ሊያደርገው፣ ከዚያም ለእስራኤል ሊያስተምር ነው። ሉቃስም የሐዋርያት ሥራን ሲጀምር ጌታችን ያደረገውን ከትምህርቱ ያስቀድማል። እኛ ጋ ግን ብዙ ጊዜ መሃሉ ይዘለላል። ማታ ያነበብነውን ጠዋት እንለጥፋለን። ያነበብነው ነገር ገና በምላሳችን፣ በኪሳችን፣ በቤታችን አላለፈም።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው በሙሉ ስለ መሃሉ ነው። የጻፍኩት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ለሚኖር ሰው ነው። ሌላ ቤተ እምነት ያላችሁም አብዛኛውን ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

1. ጓዳችሁን የሚያውቅ አባት ይኑራችሁ

ብዙዎቻችን ንስሐ አባት አለን፤ ግን የምናያቸው ቤት መጥተው ጠበል ሲረጩ ብቻ ነው። ሻይ ጠጥተው፣ ባርከው ይሄዳሉ። እኛም «ደህና ነን አባታችን» ብለን እንሸኛቸዋለን። እንዲህ ከሆነ ገና አልተጀመረም።

ስልክ ደውሉ። «አባቴ ይፍቱኝ፣ ረጋ ብዬ የማናግርዎት ጉዳይ አለ፣ መቼ ይመችዎታል?» በሉ። ከመሄዳችሁ በፊት የምትናገሩትን በወረቀት ጻፉ፤ ሲያበቃ ቀድዳችሁ ትጥሉታላችሁ። ስትጽፉ ነገሩን በስሙ ጥሩት። «ትዕግሥት ይጎድለኛል» ማለት ለማንም አይከብድም። «ከእህቴ ጋር በውርስ ተጣልተን ከፋሲካ ጀምሮ አልተነጋገርንም» ማለት ግን ከብዶም ቢሆን መድኃኒት አለው። አባታችሁም ምን ያህል ስግደት፣ ምን ያህል ጾም፣ ምን ዓይነት ምጽዋት እንደሚያስፈልጋችሁ አውቀው ቀኖና የሚሰጧችሁ ይህን ሲሰሙ ነው።

ማስተማር እንደምትፈልጉም እዚያው ንገሯቸው። «ትንሽ ቆይ ልጄ» ካሉ ቆዩ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ኤጲስ ቆጶስ ሲጽፍ በትዕቢት ተነፍቶ እንዳይወድቅ አዲስ ክርስቲያን አይሁን ያለው (1ኛ ጢሞ. 3፥6) ለትልቁ ሹመት ነው፤ ፈተናው ግን ትንሿ መድረክ ላይም አይቀርም።

2. ትንሽና የማይቋረጥ ጸሎት

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ከነገ ጀምሮ ሰባቱንም የጸሎት ጊዜያት እጠብቃለሁ ብሎ የተነሣ ጀማሪ ብዙም ሳይቆይ ሁሉንም ይተወዋል። ጠዋት ስልክ ከመክፈታችሁ በፊት አማትባችሁ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ፤ ከዳዊት አንድ መዝሙር ጨምሩ። ማታም እንዲሁ። ይህ ሲለመድ ወደ ዘወትር ጸሎትና ወደ ዕለቱ ውዳሴ ማርያም እለፉ። ስልካችሁን ሌላ ክፍል ቻርጅ አድርጉት። እውነቴን ነው፣ ይህ ብቻውን የብዙ ሰው ጠዋት ሲለውጥ አይቻለሁ።

3. አንድ ትእዛዝ ያዙ፣ እስክትኖሩት አትልቀቁት

የመመሪያው እምብርት ይህ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

የማቴዎስን ወንጌል ከምዕራፍ 5 እስከ 7 ክፈቱ። የተራራው ስብከት በጠቅላላው 111 ቁጥር ነው። ተረጋግቶ ለሚያነብ ሰው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ለመኖር ግን ዕድሜ ልክ ይጠይቃል። ከውስጡ አንድ ትእዛዝ ብቻ ምረጡ። የሚቀላችሁን አትምረጡ፤ ስታነቡት ቶሎ ልታልፉት የፈለጋችሁትን ምረጡ።

ምሳሌ ልስጥ። ማቴዎስ 5፥34 ላይ ከቶ አትማሉ ይላል። ቁጥር 37 ላይ ደግሞ ቃላችሁ አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም ይሁን ይላል። ይህን ትእዛዝ ይዛችሁ አንድ ቀን ራሳችሁን አዳምጡ። «ማርያምን አላየሁም!»፣ «ሚካኤልን እከፍልሃለሁ!»፣ «እግዚአብሔርን እልሃለሁ!» እያልን ስንት ጊዜ እንምላለን? የምንምለው በምንወዳቸው ስሞች ነው። በዚያው አፍ ማታ በስማቸው እንጸልያለን። መሐላ የሚያስፈልገን ደግሞ ያለ መሐላ የተናገርነው ስለማይታመን ነው።

ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው። አንደኛ፣ መሐላውን ተዉ። «አላየሁም» በሉና ዝም በሉ። መጀመሪያ ሰሚው ይጠራጠራል፤ «ማልልኝ» ይላችኋል። «አልምልም፣ ግን እውነቴን ነው» በሉት። ሁለተኛ፣ ያለ መሐላ የምትናገሩት እውነት ይሁን። ገና ሳሪስ ቤታችሁ ጫማ እያሰራችሁ «ፒያሳ ልደርስ ነው» አትበሉ። «አሁን ገና ከቤት መውጣቴ ነው፣ አርፍጃለሁ፣ ይቅርታ» በሉ። ሰው በር ሲያንኳኳ ልጃችሁን «የለም በለው» ብላችሁ አትላኩ። ልጁ ያንን ቀን አስተምራችሁታል፤ እሑድ ስለ እውነት የምትነግሩትን ከዚህ ጋር ያስተያየዋል።

ማታ አልጋ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ቀኑን በዚህ በአንዱ ትእዛዝ ብቻ መርምሩ። ዛሬ የት ላይ ዋሸሁ? ለምን? ፈርቼ ነው፣ አፍሬ ነው ወይስ ልማድ ሆኖብኝ ነው? ምክንያቱን ስታገኙት ስለ ራሳችሁ ከምታስቡት በላይ ታውቃላችሁ። ትእዛዙ እጃችሁ ላይ እስኪለሳለስ አብራችሁት ቆዩ። ወር ቢፈጅ ይፍጅ። ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ፤ ስለ ቁጣ (5፥22)፣ ስለ ዓይን (5፥28)፣ ጠላትን ስለ መውደድ (5፥44)።

አባ እንጦንስ በግብፅ ገና ወጣት ሳለ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ የሚለው የወንጌል ቃል ሲነበብ ሰማ (ማቴ. 19፥21)። ወጥቶ ስለ ቃሉ አላወራም፤ ርስቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፣ ንብረቱን ሸጠ። በኋላም ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በምድረ በዳ ተዘግቶ ኖረ። ሰዎች ቃሉን ፍለጋ በሩን የሰበሩት ከዚያ በኋላ ነው። ሁላችንም ገዳም እንግባ ማለቴ አይደለም፤ ከሰማው ቃል አንዱን አንሥቶ የኖረበትን መንገድ ልብ በሉልኝ።

4. የመጀመሪያው ጉባኤ ቤታችሁ ነው

ጳውሎስ የራሱን ቤት ማስተዳደር የማያውቅ የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይጠብቃል ብሎ ይጠይቃል (1ኛ ጢሞ. 3፥5)። ቤት ውስጥ ነጠላ አጣፍተን አንቀመጥም። ድምፃችንን፣ ኩርፊያችንን፣ እንቅልፋችንን የሚያውቁት እዚያ ያሉት ናቸው።

ከሁሉ አስቀድማችሁ የቤት ሠራተኛችሁን አስቡ። ይህን ሆን ብዬ ነው ያስቀደምኩት። እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ እንመለሳለን። ጸበል ጠጥተናል፣ ፊታችን ፈክቷል። በር ስንገባ ቡናው አልደረሰም። «እስካሁን ምን ስትሠሪ ነበር?» ብለን እንጮኻለን። ልጅቷ ከንጋት ጀምሮ ቆማለች። ቅዳሴ መሄድ አትችልም፣ ምክንያቱም እኛ ሄደናል። ለእሷ ክርስትና ማለት በዚያች ሰዓት የሰማችው ድምፅ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ደመወዟን በቀኑ ስጧት፤ ሕጉ የምንደኛውን (የቅጥር ሠራተኛውን) ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ ስጥ ይላል (ዘዳ. 24፥15)። ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበት ቀን በግልጽ ይኑራት፤ የዚያን ቀን ቡናውን እናንተ አፍሉ። ስሟን ጥሩ። የበላችሁትን ትብላ። «አንቺ» ተብላ እንደምትጠራ ልጆቻችሁ ይሰማሉ፤ እሷን የሚጠሩበት ቃና ከእናንተ የተቀዳ ነው።

ከዚያ ወደ ትዳር ጓደኛችሁ፣ ወደ ወላጅ፣ ወደ ወንድም እህት ኑ። አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፦ «ምን ባሻሽል ደስ ይልሻል?» ወይም «እማዬ፣ ምን ላይ ነው የማስከፋሽ?» የሚሉትን ስሙ። አትመልሱ፣ አትከላከሉ፣ «አንተስ?» አትበሉ። «እሺ፣ እሞክራለሁ» ብቻ። ከተነገራችሁ ነገር አንዱን ያዙና ሥሩበት።

ሰውን በቃል ብቻ ሳይሆን በኑሮ መማረክ እንደሚቻል ጴጥሮስ ጽፏል፤ ቃሉን የማይታዘዙ ባሎች ካሉ ያለ ቃል በሚስቶቻቸው ኑሮ እንዲገኙ ይላል (1ኛ ጴጥ. 3፥1)። ቤት ውስጥ የማይጾም፣ የማያስቀድስ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ይህን አስቡት። በነጋ በጠባ የሚነገር ምክር ይሰለቻል። የተነገረው ሰው ስትለወጡ ካየ ግን አንድ ቀን ራሱ ይጠይቃል።

5. የተበላሸውን አስተካክሉ፦ ገንዘብና ይቅርታ

ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል ስለ እምነቱ ንግግር አላደረገም። የገንዘቤን እኩሌታ ለድሆች እሰጣለሁ፣ በሐሰት የወሰድኩት ካለ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃ. 19፥8)። የሰማው ሰው ሒሳቡን መቁጠር ይችላል።

እናንተም ወረቀት ያዙ። በአንድ በኩል ገንዘብ ወይም ዕቃ ያለባችሁን ሁሉ ጻፉ፦ የተበደራችሁት ብር፣ ያልመለሳችሁት መጽሐፍ፣ ከእቁብ በልታችሁ የቀራችሁት ዕጣ፣ የሰፈሩ ሱቅ ደብተር ላይ ያለ ዱቤ። ሙሉውን ባንድ ጊዜ መክፈል ካልቻላችሁ ሄዳችሁ ተናገሩ። «ጋሼ፣ ያ ብር አለብኝ፣ አልረሳሁትም፤ በየወሩ እያቃመስኩ እጨርሳለሁ» በሉ። አበዳሪን የሚያቆስለው አብዛኛውን ጊዜ መዘግየቱ አይደለም፤ አይቶ እንዳላየ መታለፉ፣ መንገድ መቀየሩ ነው። አንዳንዱ አበዳሪ ደግሞ እናንተ የምታስተምሩበት ጉባኤ ላይ ከኋላ ተቀምጦ ይሰማል።

በሌላው በኩል የተጣላችሁትን ጻፉ። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ የሚለውን (ማቴ. 5፥23-24) ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። የሚያቅተን አፍ መክፈቱ ነው። ስለዚህ የሚባለውን ልጻፍላችሁ፦

«ወንድሜ፣ ያን ቀን በሰው ፊት ያዋረድኩህ ጥፋት ነው። አጥፍቻለሁ። ይቅር በለኝ።»

እዚያ ላይ አቁሙ። «ግን አንተም…» የሚለው ከገባ ፈረሰ። «ቅር ካለህ ይቅርታ» የሚለውም ይቅርታ መጠየቅ አይደለም፤ ጥፋቱን ወደ ተቀየመው ያዞራል። በጽሑፍ መልእክት ከመላክ በአካል መሄድ ይሻላል፤ ሩቅ ከሆነ ደውሉ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ካለ ተመስገን። ካላለ አትጨቃጨቁ፤ ጊዜ ስጡት፣ የምታከብሩት ሽማግሌ ወይም ንስሐ አባታችሁ ይግቡበት። እናንተን የበደለ ሰው ከሆነ ደግሞ ይቅርታ ማድረግ ማለት ወደሚደበድባችሁ ሰው ቤት መመለስ ማለት እንዳልሆነ አስተውሉ። ቂሙን ለእግዚአብሔር አስረክባችሁ፣ ራሳችሁን ግን ከአደጋ መጠበቅ ትችላላችሁ። ይህን ሳይለዩ በይቅርታ ስም እህቶችን ወደ ዱላ የሚመልሱ ምክሮች ያሳዝኑኛል።

6. ሥራ ቦታ

ባለጉዳይ ወረፋ ይዞ ቆሞ እናንተ ቢሮ ዘግታችሁ ዳዊት የምትደግሙ ከሆነ ዳዊቱን ማለዳ አድርሱና መስኮቱን ክፈቱ። «ነገ ና» የምትሉት ሰው ከክፍለ ሀገር በአውቶቡስ መጥቶ ይሆናል። «የሻይ» ተብሎ የሚሰጣችሁን አትቀበሉ። ነጋዴ ከሆናችሁ ሚዛናችሁን አስተካክሉ፤ ምሳሌ 11፥1 አባይ ሚዛንን እግዚአብሔር ይጸየፋል ይላል። በርበሬ ላይ ባዕድ ነገር ቀላቅሎ ሸጦ ጥላና መጋረጃ ለቤተ ክርስቲያን መስጠት አያካክሰውም።

በሪያድ ወይም በሌላ የዓረብ አገር ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች ይህን ክፍል ከማናችንም በላይ ታውቁታላችሁ። ቤተ ክርስቲያን አጠገባችሁ ላይኖር ይችላል፣ ስለ እምነታችሁ መናገርም አደጋ ሊሆንባችሁ ይችላል። ዮሴፍ በጲጥፋራ ቤት ባሪያ ሆኖ ሳለ እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር እንዳለ ጌታው አየ ይላል (ዘፍ. 39፥3)። ግብፃዊው ጌታ በዓይኑ ያየው የዮሴፍን ሥራ ነው። እናንተ ጉባኤ ስላልቆማችሁ አገልግሎት የለኝም አትበሉ።

7. ጾሙና ምጽዋቱ ይገናኙ

ረቡዕና ዓርብ ጾመን የተረፈውን የምሳ ብር የት እናደርገዋለን? ኢሳይያስ 58 ላይ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለራበው መቁረስ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ ያልበላችሁትን ሥጋና ወተት ገምቱና ብሩን ለይታችሁ አስቀምጡ። ፋሲካ ከመድረሱ በፊት ለምታውቁት ችግረኛ ቤት ዘይትና ዱቄት ይሁን። ፎቶ አታንሡ። ግራ እጅህ አትወቅ የተባለው (ማቴ. 6፥3) ስልካችንንም ይጨምራል።

ጾም ላይ ሐሜት ካለ ግን ጾሙ ቀዳዳ አለው። ከጉባኤ በኋላ ቆመን «እሱ እኮ እንዲህ ነው» የምንለውን ነው። ሽፍታ የነበረው፣ በኋላ በግብፅ በገዳመ አስቄጥስ ታላቅ አባት የሆነው ሙሴ ጸሊም አንድ ወንድም በሚከሰስበት ስብሰባ ላይ እንዲገኝ ተጠራ። እምቢ አለ። ሲለምኑት የሚያፈስስ ዕቃ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ምንድን ነው ሲሉት ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፣ እኔ አላየውም፤ ዛሬ ግን በሌላው ላይ ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ወንድሙን ይቅር አሉት። ፕሮፋይሉ ላይ የቅዱሳንን ሥዕል ለጥፎ ኮሜንት ላይ የሚሳደብ ልጅ ባየሁ ቁጥር ይህን ታሪክ ባነበበው ብዬ እመኛለሁ። ለእምነት መቆርቆር በስድብ አይገለጽም።

8. አሁንስ መቼ ልናገር?

«እንግዲያው ፍጹም እስክሆን ዝም ልበል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አይደለም። ፍጹም እስኪሆን የሚጠብቅ ሰው ሳይናገር ይሞታል። በማርቆስ 5 አጋንንት የወጡለት ሰው በዚያው ቀን ተልኳል። የተላከው ግን ወደ ቤቱ፣ ወደ ዘመዶቹ ነው፤ የተነገረውም ጌታ ያደረገለትን እንዲያወራ ነው። ሳምራዊቷ ሴትም ለከተማዋ ሰዎች ያለችው ኑና እዩ ነው። ያደረገላችሁን መመስከር ከመጀመሪያው ቀን ይፈቀዳል። ሌላውን ማስተማር፣ መገሠጽ፣ እንዲህ አድርግ ማለት ግን በኑሮ መቅደምን ይፈልጋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቆሙ ርዕሳችሁን ከኖራችሁት ምረጡ። መሐላን ለመተው ከታገላችሁ ስለ እውነት ተናገሩ፤ የት እንደሚከብድ ታውቃላችሁ፣ ሰሚውም ያውቅባችኋል። ገና ያልነካችሁትን ርዕስ ቢሰጧችሁ «ይህን ሌላ ሰው ቢያስተምር ይሻላል» ማለት አያሳፍርም። አጭር ተናገሩ። «እናንተ» ከማለት «እኛ» ማለትን አብዙ። የተማረ ካህን ወይም መምህር አስቀድሞ ይስማችሁ፤ ንጹሕ ኑሮ ያለው ሰውም ትምህርት ሊሳሳት ይችላል።

ሰው ራሱ መጥቶ ሲጠይቃችሁ ደግሞ ከሁሉ የተሻለው ጊዜ ነው። ስላላችሁ ተስፋ ለሚጠይቋችሁ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ፣ በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን ተብሏል (1ኛ ጴጥ. 3፥15)። የሥራ ባልደረባችሁ «አንተ ግን እንዴት ነው የማትናደደው?» ቢል ስብከት አትክፈቱበት። እንደምትናደዱ፣ ምን እንደምታደርጉ፣ ማን እንደረዳችሁ በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ንገሩት። ከፈለገ እሑድ አብራችሁ ሂዱ።

ማስተማር ከጀመራችሁ በኋላ ብትወድቁስ? ትወድቁ ይሆናል። ያን ጊዜ ከመድረኩ በፊት ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። ለጉባኤው አስተባባሪ ዝርዝሩን መንገር አይጠበቅባችሁም፤ «ለጊዜው ተራዬን ለሌላ ስጡልኝ» በቂ ነው። እስከዚያው ወንበር በማስተካከልና ምንጣፍ በማንጠፍ አገልግሉ። መቼ እንደምትመለሱ አባታችሁ ይነግሯችኋል።